የአሥር አለቃ አሸብር ካፖርት

ሰው አውርቶልኝ አይደለም ይሄን የምነግራችሁ። በእጄ የነካሁትን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

ጥር 1956 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መርካቶ ሸማ ተራ፣ ልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ነኝ።

ጋሼ ኃይለየሱስ አንድ አሮጌ የወታደር ካፖርት ታቅፈው ገቡ።

እሳቸው የታሪክ ሰው ናቸው። ሊከፈት ለታሰበ የጦር ሙዚየም ዕቃ ይሰበስባሉ። ከትልልቆቹ ይልቅ የተራውን ወታደር ስም እየዞሩ ይጽፋሉ። እኔ የተቀደደውን እሰፋላቸዋለሁ። ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ካፖርቱ የአሥር አለቃ አሸብር ነው አሉኝ። ሰውየው ማይጨው ዘምቶ እዚያው ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። ካፖርቱን ብቻ ጓደኛው አመጣው። ሚስቱ እትዬ ሸዋገነት፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ አኑረውታል። ለሙዚየሙ ሲሰጡ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ... ማንም እንዳይለብሰው።

ጋሼ ይሄን እየሳቁ ነገሩኝ። እኔም ሳቅኩ።

ተቀብዬ ስዘረጋው እጄ ረጠበ። ገበሩ እርጥብ ነው።

ዝናብ ካየን ግን ወራት አልፏል...

"ጋሼ፣ አንዴ ይልበሱትና ትከሻውን ልየው" አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ።

ለበሱት። ልክክ አለባቸው። ትከሻቸውን ስለካ ቀና ብዬ አየሁ። ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል... እንደ ክረምት ማለዳ። በዚያ ሙቀት!

"በቃ፣ ያውልቁት።"

ሲለብሱ ቁልፎቹን አልነኳቸውም ነበር። አሁን እስከ አንገታቸው ተቆልፈዋል።

ሁለታችንም ታገልን። አልከፈት አለ። መቀስ አነሳሁ። ጨርቁን አልቆርጥ አለ። ወደ ውጭ ጮህኩ። በራፌ ላይ ሰዎች በጋቢ ዋጋ ይከራከራሉ... አንድም ዞሮ ያየ የለም።

ጋሼ መታገሉን ተዉት። በማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣

"ሌሎቹ ደረሱ?" አሉ።

የማይጨው ጓዶቹን የሚጠይቅ ወታደር መሰለኝ።

ያኔ አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት በሩ ላይ ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም። እትዬ ሸዋገነት መሆናቸውን ያወቅኩት ሲናገሩ ነው።

"ቆየህብኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው። እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሼ ወደሳቸው ተራመዱ። የጋሼን ክንድ በሁለት እጄ ያዝኩ። ይጎትቱኛል። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። ግን ጆሮዬ ሥር፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ፣ በራሳቸው ድምፅ አንሾካሾኩ...

"ጁነዲን... አትልቀቀኝ።"

አልለቀቅኩም። በአላህ እምላለሁ፣ አጥብቄ ይዤ ነበር። ጣቶቼ በብርድ ደነዘዙና አንድ በአንድ ተከፈቱ...

ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ግርግሩ ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው ሮጥኩ፤ አጣኋቸው።

በማግስቱ ከጋሼ ባለቤት ጋር የእትዬ ሸዋገነትን ቤት አንኳኳን። ባዶ ነው። ለፖሊስም ተናገርኩ፤ ጽፈው አሰናበቱኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱንም ያየ የለም።

ለማንም ያልነገርኩት ግን አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ሸኝቻቸው... አይ፣ ተነጥቄ ወደ ሱቄ ስመለስ፣ የጋሼ ጫማ ወለሉ ላይ ነበር። ቆመው በነበረበት ቦታ፣ ጎን ለጎን።

ማሰሪያው እንደታሰረ ነው።

እጄን ሰደድኩበት።

ውስጡ ገና ይሞቃል...