ከግድግዳው ወዲያ ያለ ክፍል

«እሺ፣ ጥያቄ ያለው?» አለች እናቷ ከግድግዳው ወዲያ። ማንም አልመለሰላትም።

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትሰማታለች። የራሷን የሒሳብ ትምህርት ስልኳ ላይ ከፍታ፣ ካሜራዋን አጥፍታ ትታዋለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። አታለቅስም፣ አትቆጣም። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች።

እናቷ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ትምህርቱ ኦንላይን ከሆነ ጀምሮ ካሜራቸውን ያጠፉ ተማሪዎችን፣ ጥቁር ሳጥኖችን ስታስተምር ትውላለች። ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣ ነገ ርዕሰ መምህሩ ክፍሏን ገብተው እንደሚያዩ ነገረቻት። ተማሪዎቹ እንደዚሁ ዝም ካሉ፣ እሷን ትተው የተቀዳ ቪዲዮ ሊያሳዩዋቸው ነው። ከዚያ ቀና ብላ ሳታያት፣ እንደ ተማሪ በሌላ ስም ገብታ ሁለት ሦስት ጥያቄ እንድትመልስላት ለመነቻት።

እሺ ማለት ይቀላት ነበር። ሰሞኑን ሁሉንም እሺ ነው የምትለው።

«ይሄን አልችልም እማ» አለች በመጨረሻ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? እንደ እብድ ብቻዬን ስለፈልፍ እየዋልኩ እኮ ነው።»

«የምትጠይቂያቸው ሁሉ መልሱ መጽሐፉ ላይ አለ። የሳተ ይሳቅበታል፣ ያገኘ ደግሞ ሸምዳጅ ይባላል። ማን ማይኩን ይከፍታል? እኔም አልከፍትም።»

«አንቺም?»

«ከተውኩት ቆየሁ።»

እናቷ ከወንበሯ ተነሳች። ሳህኖቹን አነሳሳች።

በማግስቱ ልጅቷ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰላምታ ሰጡ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ልብ ነበር። እናቷ ሁሉም ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ፣ ከመንጋጋው ሥር አድርጎ የልቡን ምት እንዲፈልግና ያገኘውን እንዲነግራት ጠየቀች። እሷም የራሷን ገና እየፈለገች እንደሆነ ነገረቻቸው።

የእናቷ ወንበር ሲጢጥ አለ።

«ቲቸር፣ የኔ የለም» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ሞተሃላ! ነፍስህን ይማር» አለው ሌላው።

ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች። ከግድግዳው ወዲያ ግን ሳቅ ተሰማ፤ የእናቷም ሳቅ ነበረበት። «ትንሽ ወደ ጎን አድርገው» አለችው፤ «አይጠፋም፣ እዚያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ማይኮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። አንዷ ደረጃ ስትወጣ ለምን እንደሚፈጥንባት ጠየቀች። አንዱ የታናሽ እህቱ ከሱ ይበልጥ እንደሚፈጥን ተናገረ። ርዕሰ መምህሩም ሳይቀሩ የሳቸው አልፎ አልፎ እንደሚዘል ገልጸው፣ ምክንያቱን ለማወቅ ፈለጉ።

ልጅቷ ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አደረገች። መጀመሪያ አጣችው። ትንሽ አንሸራተተቻቸው። እዚያው ነበር፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይመታል።

ጣቶቿን ከአንገቷ ሳታነሳ ተነስታ የእናቷን ክፍል በር ገፋ አደረገች። እናቷ ዞር አለች። ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ወደ ራሷ አንገት ወሰደችው።