የአባባ ግለ ሂስ

እናንተ ብትሆኑ፣ አባታችሁ በሰው ፊት ቆመው ያላጠፉትን «አጥፍቻለሁ» ሲሉ ዝም ብላችሁ ትሰሙ ነበር?

የሰባተኛ ክፍሏ ትሁን ግን ዝም አለች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ደወል መቺ አባቷ ጋሽ አስማረ፣ መምህራንና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት የሂስና ግለ ሂስ መድረክ ተነሥተው፣ «ጓዶች፣ ደወሉን ሳልመታ እንቅልፍ የጣለኝ አረቄ ጠጥቼ ነው» አሉ። ተማሪው በሳቅ አውካካ። ዳይሬክተሩ፣ «ሰካራም ለአብዮቱ አይበጅም! ከነገ ጀምሮ ተሰናብተዋል!» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

አረቄ! ጋሽ አስማረ አረቄ ከቀመሱ ዓመታት አልፈዋል። የሚያስተኛቸው ከደብረ ታቦር የሚመጣላቸው የሚጥል በሽታ ኪኒን ነው። ሲውጡት መውደቁ ይተዋቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ቀኑን ሙሉ እንደከበደ ይውላል። «ደህና አደሩ?» ቢሏቸው መልሱ የሚመጣው ሰላም ባዩ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን የምታውቀው ትሁን ብቻ ነበረች።

ቤት እንደገቡ ነደደች። «ምን ነካዎት አባባ? እርስዎና አረቄ የት ትተዋወቃላችሁ?»

«ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያልፉኛል ብዬ ነዋ! የማታ ዘበኛው ታፈረ ሰክሮ መስኮት ሰብሮ፣ ግለ ሂስ አድርጎ ታለፈ አይደል?»

«ታፈረማ የዳይሬክተሩ አበልጅ ነው!»

«እሷን ረሳኋት» አሉ እያዛጉ። ሁለቱም ሳይወዱ ሳቁ።

«እውነቱን ቢናገሩስ?»

«እውነቱን? ሲጥለኝ ያየ ሁሉ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ያስሸትተኛል፤ ከዚያ ወዲያ በጠጣሁበት ዋንጫ አይጠጣም። ‹በዘሯ አለ› ተብሎ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ይወራብሻል። ማን ያገባሻል፣ የኔ እናት?»

ትሁን የተንሸራተተ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው። «እንቅልፋም አማት የሚጠላ ባል ለእኔም አይሆነኝ።»

«አንቺ ባለጌ!» አሉ እየሳቁ። ወዲያው ፊታቸው ከበደ። «ኪኒኑን እተወዋለሁ። ነቅቼ ካዩኝ ሥራዬን ይመልሱልኛል።»

«ከተዉትማ እሳት ላይ ነው የሚወድቁት! አይተዉም። እኔ ልናገር፤ ይፍቀዱልኝ።»

ጋሽ አስማረ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰላት።

«አንቺ ካልፈራሽ…» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔም አልፈራም።»

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው እንደተሰቀለ ትሁን ከሰልፉ ወጥታ ፊት ለፊት ቆመች።

«ምን ሆነሻል? ወደ ቦታሽ!» አለ ዳይሬክተሩ። «ጉዳይ ካለሽ ቢሮ ትመጫለሽ።»

ትሁን አንድ እርምጃ ወደ ዳይሬክተሩ ቀረበች።

«ቢሮ አልመጣም! አባቴን ያባረሯቸው በሰው ሁሉ ፊት ነው። አባቴ አይጠጡም። የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ያስተኛቸው መድኃኒቱ ነው። ትናንት የዋሹት ለእኔ ብለው ነው። መድኃኒታቸውን እየዋጡ የሚሠሩት አንድ ሥራ በዚህ ሁሉ ግቢ ይጠፋል? የታመመ ይባረር የሚል ሕግ ካለም፣ ያንብቡልንና እንስማው። እዚሁ፣ በሰው ፊት ይመልሱልኝ፣ ጓድ ዳይሬክተር!»