ቀዩ መደወያ

በሩ ሲንኳኳ እናትየው ታብሌቱን ብርድ ልብሶቹ መሃል ሸጉጣ ቁም ሳጥኑን ገና መዝጋቷ ነበር። ሄዳ ከፈተች። ደጃፉ ላይ አጠር ያለች ሴት መታወቂያዋን ዘርግታ ቆማለች።

«ከወንጀል ምርመራ ነኝ። የልጅዎ አለቃ ዛሬ ጠዋት ቢሮው ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ሰምተዋል መሰለኝ።»

«ሰምቻለሁ። ልጄ ሰው ላይ እጇን አታነሳም» አለች እናትየው፤ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

«አነሳች ያለ የለም እኮ፣ እናቴ። እሷም እዚያው ናት፤ አብረን እንሂድ።»

እናትየው መንገዱን ሁሉ በሐሳቧ እስር ቤት ስንቅ ስታመላልስ ሄደች። ምን ታድርግ? የቢሮው ቁልፍ ያለው ከሟቹ ሌላ በልጇና በሥራ ሸሪኩ እጅ ብቻ ነው። ጎረቤቶች ትናንት አንዲት ሴት «ሰው ገድለናል!» እያለች ስትጮህ ሰምተዋል። ልጅቷ ደግሞ ማምሻውን ታብሌቱን ይዛ መጥታ «እስኪ ሞክሪልኝ» ብላ ሰጥታት፣ ተመልሳ ወጥታ ዓይኗ ቀልቶ ነው የገባችው። እስከ ጠዋት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ቢሮው ድረ ገጽ የሚሠራበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ሟቹ የወደቀው መስኮቱ ሥር ነበር፤ ጭንቅላቱን የመስኮቱ የድንጋይ ደፍ ጠርዝ መትቶታል፤ ደረቱ ላይ የመገፋት ምልክት ተገኝቷል። አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ትንሹም ትልቁም፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውም ስልክ ተደርድሯል፤ ገጽ የሚሞከረው በእነሱ ነው። ከመሃላቸው አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ክፍት ሆኗል። እናትየው ያንን ክፍት ቦታ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

መርማሪዋ ሰዎቹን ኮሪደሩ ላይ ተራ በተራ አነጋገረች። እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። መጀመሪያ አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለው ሸሪኩ መጣ።

«አሞኝ ከረፋዱ ጀምሮ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ወደ ማምሻው የአዲሱን ገጽ ሊንክ ላከልኝ፤ አየሁት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።»

«በምን አዩት?»

«በስልኬ ነዋ! ላፕቶፔ ጥገና ላይ ነው።»

«እንዴት ነበር?»

«ግሩም! ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ፈገግ ብላለች፤ ቀዩ መደወያ ጎኗ… እጁ ወርቅ ነበር፣ ምን ያደርጋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ግን ግልፍተኛ ናት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል።»

እናትየው በዚያው ሻርፕ ብታንቀው ወደደች።

ቀጥላ ልጇ ተጠራች።

«‹ሰው ገድለናል› ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። የሆስፒታሉን ድረ ገጽ የሠራነው እኛ ነን። ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን የገጹ ማውጫ ዝርዝር የአምቡላንሱን ቁጥር ይሸፍነዋል። አንድ ሰው እናቱ ደረቷን ይዛ እያቃሰተች ቁጥሩን ሲፈልግ… አልደረሱላትም። ትናንት ሰማንና ጮህኩበት። እሱም ቁጭ ብሎ ገጹን እንደ አዲስ ሠራው።»

«ማታ የት ሄድሽ?»

«የትም። እናቴ ፊት እንዳላለቅስ ስዞር ነበር።»

ለቢሮው የሚሠራው ፎቶ አንሺ ደግሞ በራሱ ጉዳይ ተቆጥቷል። «የሐኪሟን ፎቶ ከሰዓት ራሴ አመጣሁለት። ‹ስልክና ታብሌት ላይ ቦታ ይሻማል፤ በኮምፒውተር ብቻ ይታያል› አይለኝም? ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ በሚውልበት ዘመን! አኩርፌ ሄድኩ። ማታ ሰርግ ስቀርጽ ነበር፤ ሙሽሮቹን ጠይቁ።»

መርማሪዋ መጥታ ከእናትየው ጎን ተቀመጠች።

«ጠረጴዛው ላይ ታብሌት ጎድሏል።»

«እኔ… አላውቅም።»

«በሩን ሲከፍቱልኝ እጅጌዎ ላይ የብርድ ልብስ ሱፍ ተጣብቆ ነበር። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ የሚያገላብጥ ማን ነው?»

እናትየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሞክሪልኝ ብላኝ ነው! አለቃቸው ሥራ የሚያስረክበው እንደኔ ያለ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የቤት ሰው ከሞከረው በኋላ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ምን አዩ?»

«ቀይ። ‹አሁኑኑ ይደውሉ› የሚል።»

«ሐኪም አላዩም?»

«የምን ሐኪም?»

መርማሪዋ ብድግ ብላ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራች።

«ሁላችሁም ሟቹ የላከውን የአዲሱን ገጽ ሊንክ በስልካችሁ ክፈቱ።»

በየእጃቸው አንድ ዓይነት ቀይ በራ።

«ሐኪሟ የታለች?» አለች ሸሪኩን።

ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ጎተተ። «ስልኩን… ሲያጋድሙት ይሆናል።»

አጋደመችው። ቀዩ ሰፋ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም። ከዚያ የሟቹን ኮምፒውተር አበራች፤ ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ፈገግ አለች።

«ገጹ አንድ ነው፤ እንደ ስክሪኑ ስፋት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሐኪሟን ያየ ሰው በኮምፒውተር ነው ያየው። ላፕቶፕዎ ጥገና ላይ ነው። ፎቶው የመጣው ከሰዓት፣ እርስዎ ‹ተኝቼ ነበር› ባሉበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ያዩት እዚህ፣ ከእሱ ጀርባ ቆመው ነው። ስልክ ላይ ምን እንደሚመስል አያውቁም፤ የፊተኛው ገጽ ስልክ ላይ ምን እንደሚመስልም አያውቁም ነበር። ለሆስፒታሉ ‹በስልክ ተሞክሯል› ያለው ማን ነው?»

«የፊተኛውን ለቤት ሰው በስልክ አስሞክሬዋለሁ ብለኸን ነበር እኮ!» ጮኸች ልጅቷ።

ሸሪኩ ሻርፑን ፈታ። «ለሆስፒታሉ ሁሉንም እነግራለሁ አለኝ። ተው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ገፋ አደረግኩት… ድንጋዩን መች አየሁት?»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ፎቶ አንሺውም ተከተላቸው።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «ታብሌቱን ለምን ደበቅሽው?»

እናትየው እጅጌዋ ላይ የቀረውን ሱፍ መልቀም ጀመረች።

«እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነው?»

አይደለም ልትል አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ አልወጣ አላት። «አዎ።»

«ገድዬው ቢሆንስ?»

«ያኔም እደብቀው ነበር።»

ልጅቷ ትኩር ብላ አየቻት። ይቅር ማለቷ ይሁን መቀየሟ ከፊቷ አይነበብም። ከዚያ መርማሪዋን «የሆስፒታሉ ገጽ እስካሁን የድሮው ነው፤ አዲሱን ልልቀቀው?» አለቻት። መርማሪዋ ወንበሩን ሳበችላት።

እናትየው መቼም ከክፉው በቀር አይታያትምና፣ በዚህች ደቂቃ የሆነ ቦታ ደረቱን ይዞ የሚያቃስት ሰው ታያት። የራሷን ስልክ አውጥታ የሆስፒታሉን ገጽ ከፈተች።

«እማዬ፣ ምን ይላል?»

«የድሮው ነው።»

የልጅቷ ጣቶች ፈጥነው ጻፉ።

«አሁንስ?»

«የድሮው ነው… ቆይ… ቆይ…»

ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ቀላ» አለች።