ሁለቴ ብቻ ነው የሚጠራው

ይህ ተረት አይደለም። «ፈጠራ ነው» ብሎ ለመጻፍ ጣቱን የሚበላው ካለ እዚሁ ላይ ያቁም፤ በእንዲህ ያለ ነገር እንደ እኔ የሚሳለቅ ሰው ቡታጅራ ውስጥ አልነበረም።

ደግሞም ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ ይርመሰመሳል...

እኔ ለሥልጠና ወልቂጤ ሄጄ ሆቴል ውስጥ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ዓለምዘውድ ቡታጅራ፣ ቤታችን ውስጥ ብቻዋን ነበረች። እግሯ ተሰብሮ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሯል። ያለ ምርኩዝ ከአልጋ አትወርድም።

ስለዚህ አልጋዋን ሳሎን፣ ከኮምፒውተሬ ፊት ለፊት ዘረጋሁላት። የቤቴን ኮምፒውተር ካለሁበት ሆኜ በኢንተርኔት የምከፍትበት ፕሮግራም አለኝ። በካሜራው አያታለሁ፤ በስፒከሩ አናግራታለሁ። ከጎረቤት ይሻላል ብዬ ነበር። ጎረቤት ወሬ ይዞ ይወጣል፣ ኮምፒውተር ግን አይወጣም።

የዚያን ቀን ስከፍተው አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ካሜራው አላየችም።

የምታየው የጓዳውን በር ነበር።

ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ጋሼ... ቀስ በል። ተመልሰህ መጥተሃል እንዴ?»

«ወልቂጤ ነኝ።»

ፊቷ አመድ መሰለ።

«ታዲያ ጓዳ ሆኖ በአንተ ድምፅ የሚጠራኝ ማነው?»

እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ሕግ ነበራት። የማታዩት ሰው ስማችሁን ቢጠራ ቶሎ አቤት አትበሉ ትለን ነበር። ያ ነገር ሁለቴ ብቻ ነው የሚጠራው። ሦስተኛ የጠራ እንደሆነ ሰው ነው፤ ያኔ አቤት በሉ። እዚሁ ቻናል ላይ በዚህ ሕግ ስስቅ ታስታውሳላችሁ። ግማሾቻችሁ ሰደባችሁኝ። እኔ ሁላችሁንም ሰደብኩ።

«ስንቴ ጠራሽ?» አልኳት፣ እያሾፍኩ።

«ሁለቴ።»

ደሜ ፈላ። ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ናት። ግንኙነቱ ሲቆራረጥ ስፒከሩ የድሮ ድምፄን እየመለሰ ይሆናል አልኳት። ስፒከሩ ከፊቴ ነው፣ ድምፁ ከኋላዬ ነው አለች። የጎረቤት ሬዲዮ ነው አልኳት። የጎረቤት ሬዲዮ ስሜን ከየት አወቀው አለች። እሷም ክርክር አትፈራም፤ የአንድ እናት ልጆች ነን።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ከመናገርህ በፊት ትስል የለ... እሱም ሳለ።»

ባለሱቁን ሸረፋን እንድጠራላት ለመነችኝ። ሱቁ ከቤታችን አጥር ጋር የተያያዘ ነው። መጥቶ ጓዳውን ይክፈትልኝና ልረፍ አለች።

«ሸረፋ ፊት መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» አልኳት። «ነገ ስኳር ልገዛ ስሄድ ጂኒህ ደህና ነው ወይ እንዲለኝ?»

አልሳቀችም።

ስንከራከር የጓዳው በር ዝግ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ...

ገርበብ ብሏል።

አየሁት። አላየሁም አልልም። ንፋስ ነው ብዬ አለፍኩት።

እሷ ግን ጋቢውን እስከ ራሷ ተከናንባ ታለቅሳለች። አናገርኳት፣ አትመልስም። ደግሜ አናገርኳት። ምንም። ያኔ የስፒከሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ጮህኩባት።

«ዓለምዘውድ!»

ጋቢውን ገለጠች። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም።

እፎይታ ነበር...

ሦስተኛው ነበራ። ሰው ነው የጠራት።

«አቤት፣ ጋሼ» አለች።

ያለችው ግን ወደ ጓዳው ዞራ ነው።

ተነሳች። ምርኩዟን አልነካችም። በዚያ በተሰበረ እግሯ ቀጥ ብላ ቆመችና መራመድ ጀመረች። ጀሶው ሲሚንቶውን ሲመታ ወልቂጤ ድረስ ይሰማኛል።

ቋ... ቋ... ቋ...

ተመለሺ እያልኩ ጮህኩ።

«እሺ ጋሼ፣ መጣሁ» አለች። ለእኔ አልነበረም።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ከዚያ ከጓዳው ውስጥ ሳል ሰማሁ። የእኔን ሳል።

ለሸረፋ ደወልኩለት። እየሮጠ ሲገባ፣ ጓዳውን ሲከፍት፣ በካሜራው አየሁት። ሲወጣ አንድ ነገር ታቅፏል። ወዴት ማየት እንዳለበት ስላላወቀ ለኪቦርዱ ነው የነገረው።

«ሰው የለም ወንድሜ። መስኮትም የለው፣ በየት ትወጣለች?»

የታቀፈው ጀሶውን ነበር። አልተቆረጠም፣ አልተሰነጠቀም። እግር እንዳቀፈ ድፍን ነው... ውስጡ ባዶ።

«ይሞቃል» አለኝ።

ፖሊስ ፈለጋት፣ ዘመድ ፈለጋት። ኮብልላ ይሆናል የሚሉኝ አሉ። በአንድ እግር? ልካቸውን ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ቡታጅራ፣ ያው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብያለሁ። ሰዓቱ ያው ዘጠኝ ነው። የጓዳውን በር በሚስማር መትቼዋለሁ። ጀሶው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አሁንም ይሞቃል።

ይህን መጻፍ ስጀምር የካሜራው መብራት ሳልነካው በራ። አንድ ሰው በዚያ ፕሮግራም ከርቀት እንደገባበት ኮምፒውተሩ ይናገራል። ማን እንደሆነ አይናገርም።

ከዚያ ከጓዳ ዓለምዘውድ ጠራችኝ።

በስሜ። ዕድሜዋን ሙሉ ከጋሼ ሌላ ጠርታኝ አታውቅም።

ሁለቴ ጠራችኝ...

ስለዚህ ከታች የምትጽፉ፣ ስደቡኝ፣ ውሸታም በሉኝ፣ እንደ ልማዳችሁ። ስሜን ግን አትጥሩ። አቤት ማለት ከእናት ጡት ጋር የጠጣነው ነገር ነው፤ ሳያስቡት ከአፍ ያመልጣል።

አሁን የውጭው በር ተንኳኳ። በቀዳዳው የሸረፋ ቆብ ይታየኛል። ሸረፋ ሲጣራ ሰፈር ይሰማል፤ ስሜን ከጠራ ሦስተኛው ነው።

አንድ እጄ አፌ ላይ ነው። በአንዱ እጽፋለሁ።

በሩ ላይ ያለው ሰው ሳለ...