ዛሬ ብቻ የቀረው ተማሪ

ተማሪው አልጋው ላይ ሞቶ የተገኘው እኩለ ቀን ላይ ነው። መርማሪዋ ማደሪያ ክፍሉ ስትደርስ ግቢው ፈርዶ ጨርሷል፤ ገዳይዋ የክሊኒኩ ነርስ ናት! ትናንት ለሟቹ ክኒን የሰጠችው እሷ፣ ትራሱ ሥር በተገኘው የክሊኒክ ፖስታ ውስጥ የተረፈው ደግሞ ከባድ የእንቅልፍ ክኒን። ሁለት ፖሊሶች ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል።

መርማሪዋ በወሬ የምትነዳ ሴት አይደለችም። ጠረጴዛው ላይ ሻጋታ ያበቀሉ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻ ታጥቦ ያብለጨልጫል። «ወይ ጉድ!» አለች በሆዷ።

አብሮት የሚያድረውና የሚማረው የክፍል ተጠሪ ስለ ማታው ስትጠይቀው ዓይኑን እያሸ መለሰላት። «ማታ እግሬን አመመኝ ብሎ የሲስተርን ክኒን ውጦ ተኛ። ጠዋት ሳልቀሰቅሰው ወጣሁ። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ‹አሞታል› አልኩለት፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

እዚያው የቆሙት የሟቹ መምህር አፋቸውን ሞልተው መሰከሩ። «ጎበዝ ነበር። ከክፍሌ ሲቀር ዛሬ ገና የመጀመሪያው ነው።»

«መልኩን ያውቁታል?»

«እ... ተማሪው ብዙ ነው። ስም ስጠራ ‹አቤት› ይላል፤ ምልክት አደርጋለሁ።»

ነርሷ ታለቅሳለች። «የሰጠሁት ማስታገሻ ነው! እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? ስንት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የእግሩን ቁስል ያጠብኩለት ልገድለው ነው?»

መርማሪዋ ጆሮዋን ቀሰረች። «ጠዋት? በክፍል ሰዓት?»

«አዎ። ትናንት ደግሞ ‹ጓደኛዬ በማኅተማችሁ የውሸት የሕመም ወረቀት ሠርቶ ከፈተና ቀርቷል፤ ራሱ ካልተናገረ እኔ ነገ እናገራለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም አልጋው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ለሳምንታት ክሊኒክ እያለ ክፍል ውስጥ ‹አቤት› ይባልለት ነበር። አብሮት የሚያድረው አንተ ነህ፤ ‹አቤት› ባዩም አንተ ነህ።»

ተጠሪው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ለጓደኛ ያልሆነ ድምፅ ምን ያደርጋል? ሁላችንም እናደርገዋለን።»

«እሺ። ስንት ቀን ሲያመው ‹አቤት› ያልክለት ልጅ፣ ዛሬ ምን ነክቶህ እውነተኛ ሆንክ?»

ልጁ የታጠበውን ብርጭቆ በዓይኑ ሰረቅ አደረገው።

«እኔ ልንገርህ። ለታመመ ‹አቤት› ይባላል፤ ለሞተ ግን አይባልም። አስከሬኑ ሲገኝ ‹ማነው አቤት ያለው?› መባሉ አይቀርም። ስለዚህ መሞቱን ከሁላችን በፊት ታውቅ ነበር። የእንቅልፍ ክኒኑን በሻይ ሰጠኸው፤ ብርጭቆውን አጠብክ፤ የቀረውን የሲስተር ፖስታ ውስጥ ጨመርክ። ‹አሞታል› ያልከውም ጥፋቱ እሷ ላይ እንዲያርፍ ነው።»

ተጠሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ሊያስባርረኝ ነበር... እናቴ ምርቃቴን ነው የምትጠብቀው...»

«የሱም እናት ትጠብቅ ነበር» አለች መርማሪዋ። ፖሊሶቹ ገብተው ልጁን ወሰዱት።

መምህሩ ለነርሷ ወንበር ሳቡላት። እሷ ግን ወደ አልጋው ዞራ ቆመች።

«ቁስሉ ትናንት ደርቆ ነበር» አለች። «‹ከነገ ጀምሮ ክፍልህ ግባ› ስለው እየሳቀ ነው የወጣው።»