ድንበር ላይ የቀረው ክፍተት

በያጁና ባለወፍጮው ጎረቤት ብቻ አልነበሩም። ባለወፍጮው የበያጁን እህት አግብቷል፤ አማቾች ናቸው። ቀን ቀን አንዱ መንገድ ዳር ካለው ሱቁ ብረት ሲበይድ፣ ሌላው ወፍጮው ሥር ዱቄት ለብሶ ይውላል። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ለተማሪ ዩኒፎርም፣ ለሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። አመሻሽ ላይና በእረፍት ቀን ሁሉም አካፋና ዶማ አንስተው ወደ ተዳፋቱ ይወጣሉ። የበያጁ አባት ከመሞቱ በፊት ማሳውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፍሎ ቀኙን ለወንድ ልጁ፣ ግራውን ለሴት ልጁ ሰጥቷል።

በዚያ ተዳፋት ላይ እርከን የሌለው ሰው የለም። ውሃ እንዲታገድ፣ አፈር እንዳይሄድ በየማሳው አግድም ድንጋይና አፈር ተከምሯል። ነገር ግን ሁሉም እርከኑን ከድንበሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ያቆማል። ድንበር ካስነካው ጎረቤቱ ነገ «እዚህ ድረስ የኔ ነው» እንዳይለው ይፈራል። ጎረቤቱም ያንኑ ፈርቶ ከወዲያ በኩል አንድ ክንድ ያስቀራል። በሁለት ፍርሃት መሃል የማንም ያልሆነ መሬት ቀረ።

በየእርከኑ የታገደው ዝናብ ወደ ጎን ሄዶ ያንን ክፍተት ያገኘዋል። ካገኘው በኋላ የሚያቆመው የለም። በበያጁና በባለወፍጮው መሃል ውሃው መጀመሪያ ጫማ የሚውጥ ቦይ ቆፈረ፤ ቀጥሎ ጉልበት የሚውጥ። በመጨረሻ ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር ሆነ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ከሁለቱም ወገን እየተገመሰ ይወድቃል፤ ከነበቆሎው፣ ከነሥሩ።

ይህ የአንድ ተዳፋት ችግር ብቻ ስላልነበር በአገር ደረጃ የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ተዳፋት ላይ የሚያርስ ሁሉ እርከኑን ከጎረቤቱ እርከን ጋር ያገናኛል፤ የአንድ ተዳፋት ሰዎች በአንድ ማኅበር ይሠራሉ፤ ቦረቦር ለሚዘጉት መንግሥት የሽቦ መረብና ችግኝ ያቀርባል። የአፈር ባለሙያዋ ገመድና ውሃ ልክ ይዛ መጣችና ሰዉን በማኅበሩ መጋዘን፣ በማዳበሪያ ከረጢቶች መሃል ሰበሰበችው።

«እርከን ድንበር ላይ ከተቋረጠ እርከን አይደለም» አለች። «ውሃን ሰብስቦ ለቦረቦር የሚያስረክብ ቦይ ነው።»

በያጁ ከተቀመጠበት ከረጢት ላይ ተነሳ። «መሬቱ የኔ፣ አፈሩ የኔ። ባጠፋውስ መንግሥትን ምን አገባው?»

«መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ማንም አልነካብዎትም። አፈሩ ግን ከማሳዎ ሲወጣ የታች ሰዎችን የውሃ ጉድጓድ ይደፍናል፣ መንገዱን ይዘጋል፣ ከዚያ ወርዶ ግድቡን ይሞላል። የእርስዎ ብቻ ቢሆን እርስዎ ጋ ይቀመጥ ነበር።»

«ድንበራችንስ?» አለ ባለወፍጮው።

«ድንበራችሁ ካርታው ላይ አለ። እርከን ድንበር አይሠራም፣ ድንበር አያፈርስም።»

«እንግዲያው እሱ ይጀምር።»

«እኔ? አንተ ጀምር እንጂ!» አለ በያጁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «ውሃውን ጠይቁት፤ ማን ጋ እንደሚጀምር እሱ ያውቃል።»

ሁሉም ሳቁ፤ ስብሰባውም በሳቅ ተበተነ። ማንም ክፍተቱን አልዘጋም።

ዝናቡ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። በረዶ ቀላቅሎ የወፍጮው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆርቆሮውን ደበደበው። ባለወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ፣ አካፋ ይዞ ሮጠ። ሲደርስ ቦረቦሩ ያጓራል። ቀይ ውሃ ድንጋይ ከድንጋይ እያላተመ ይወርዳል። ዓይኑ እያየ የማሳው ጠርዝ ተቆረሰና እሸት የያዘው በቆሎ እንደቆመ ተንሸራቶ ገባ። በወዲያኛው ጠርዝ በያጁ ቆሟል። የራሱን ዳር ከፍ እያደረገ፣ ጎርፉ ወደ አማቹ ማሳ እንዲዞር አፈርና ድንጋይ ይወረውራል።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ?»

«መሬቴን እያዳንኩ!»

«በኔ ላይ እየለቀቅህ? ስትበይድ መነጽር ታደርጋለህ፣ ስታርስ ዓይንህን ትጨፍናለህ!»

«አንተ ደግሞ እህሉ አልበቃህ ብሎ የአባቴን መሬት ፈጨኸው! ድሮም እህቴን መስጠቴ ነው ጥፋቱ!»

«ማን ሰጠኝ? ራሷ ናት የመጣችው!»

ባለወፍጮው ቦረቦሩ ጠበብ ካለበት ዘለለ። መጀመሪያ የሰነዘረው እሱ ነው፤ የአካፋው ጀርባ የበያጁን ትከሻ አገኘው። በያጁ ተንገዳግዶ በቡጢ አፉን መታው። ጥርስ ከደም ጋር ወጣ። ተያይዘው ወደቁ። ጭቃው ውስጥ እየተንከባለሉ አንዱ ያንቃል፣ ሌላው ይነክሳል። «ዛሬ እዚሁ እቀብርሃለሁ» ይላል አንዱ፤ ማንኛቸው እንደሆነ በድምፅ አይለይም ነበር። ከእግራቸው ሥር መሬቱ እየተሸረፈ ጎርፉ ውስጥ ይወድቃል። የተጣሉበት መሬት ሲሄድ ሁለቱም አላዩትም።

ሰፊዋ በታች በኩል ዞራ እየጮኸች ደረሰች። የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በያጁ ተላቅቆ አካፋውን አንስቷል፤ ባለወፍጮው የራሱን ለማንሳት ጎንበስ ብሏል። መሃላቸው ገባች። አካፋው ወረደ።

ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች። በጣቶቿ መሃል የሚፈሰውን ደም ዝናቡ እያጠበ ወደ ቦረቦሩ ወሰደው።

ሐኪሙ ግራ ዓይኗን ማትረፍ አልቻለም። ፋሻው ሳይፈታ አክስቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ወድቄ ነው በይ፣ ልጄ። ወንድምሽ እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«አክስቴ፣ ሰው የሚለውን በጆሮዬ እሰማለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ፖሊሱ ቃሏን ሊቀበል ሲመጣ ወንድሟና ባሏ ኮሪደሩ ላይ፣ በግራና በቀኝ ቆመው ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«አልወደቅኩም። የመታኝ ወንድሜ ነው። ሊመታ የፈለገው ባሌን ነበር። መጀመሪያ የሰነዘረው ግን ባሌ ነው፤ እሱም አካፋውን እያነሳ ነበር፣ ወንድሜ ቀደመው እንጂ። እንዳለ ጻፈው።»

በያጁ ታሰረ። ባለወፍጮውም ተከሶ በአጭር እስር ተቀጣ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ለብዙ ቀን አላናገራትም። አፉ ሲፈታ ያለው ይህን ነው፦ «ግድ የለም። እሱ እስኪወጣ ማሳው ገደል ይሆናል። ያየዋል!»

ሰፊዋ በረንዳው ላይ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትሞክር ነበር። ክሩን ምራቋን ቀባች፣ አሾለች፣ ላከችው፤ ከቀዳዳው ጎን አለፈ። ደግማ ላከችው፤ አለፈ። በአንድ ዓይን ቅርብና ሩቁ አይለይም። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የሱ ማሳ ገደል ሲሆን የኛ ምን ይሆናል?» አለች። «ገደል ግማሽ አለው?»

«እሱ ዓይንሽን አጥፍቶ...»

«የጠፋው የኔ ዓይን ነው፤ በኔ ዓይን አትሟገት። ለዚያ ቦረቦር አንዱን ሰጥቻለሁ። ሁለተኛውን እስኪጠይቀኝ ልቀመጥ?»

ዶማ አንስታ ወጣች። ወደ ራሷ ማሳ አልሄደችም፤ ወደ ወንድሟ ማሳ ተሻገረች፤ የሚቆፍርበት ሰው የሌለው እሱ ነበርና። ባለወፍጮው ከበሩ ሆኖ አያት። ድንጋይ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ አየር ትጨብጣለች። ርምጃዋን ስታ ትወድቃለች። ተነስታ ደግሞ ትዘረጋለች። ለብዙ ጊዜ ቆሞ አያት። አማቹ ገደል እንዲገባለት ሲመኝ፣ ወደዚያ ገደል እየሄደች ያለችው ሚስቱ መሆኗን ያን ቀን ነው ያየው። ኮፍያውን አድርጎ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ወረደ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሽማግሌ ናቸው። ከባለሙያዋ ጋር ችግኝ ያወርዱ ነበር።

«አባባ፣» አለ ባለወፍጮው፣ «ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ምኑ?»

«መዝጋቱ።»

ሽማግሌው ባለሙያዋን አዩ። «ከላይ» አለች። «ከሁሉም በላይ ካለው ክፍተት። ብቻህን ግን አትችለውም፤ ሕጉም ብቻህን አላለህም።»

በማግስቱ የተዳፋቱ ሰው ወጣ። ያ መጋዘን ውስጥ የሳቀውም አለበት፤ አሁን አይስቅም፣ ድንጋይ ይሸከማል። ባለሙያዋ ገመዱን ዘርግታ፣ በውሃ ልክ እየለካች ችካል ተከለች። የገመዱ መስመር የባለወፍጮውን ማሳ አልፎ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ የበያጁ ማሳ ውስጥ ገባ። ባለወፍጮው ድንበሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ቆመ።

«ግባ» አሉት ሊቀመንበሩ። «አይነክስህም።»

ገባ። በጠላቱ አፈር ላይ ቆፈረ። ቦረቦሩ ውስጥ የሽቦ መረብ ዘርግተው በድንጋይ ሞሉት፣ ከበላዩም ሌላ፣ ከበላዩም ሌላ። በየቤቱ ድንበር ላይ የቀሩት ክፍተቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። ከታች ያለው አንድ ቤት ብቻ «የኔን ራሴ አውቃለሁ» ብሎ ቀረ።

የሚቀጥለው ክረምት ገባ። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ማሳው ላይ ቆሞ ጠበቀ። ውሃው እንደለመደው እርከኖቹን ተከትሎ ወደ ድንበሩ መጣ። መውጫ ፈለገ። አላገኘም። ከእርከኑ ኋላ ተኛ፣ ከፍ አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ መሬቱ ውስጥ ሰረገ። ከታች ያ እንቢ ያለው ሰው ጋ ብቻ በጥሶ ወጣ፤ የማሳውን ጥግ ይዞ መንገድ ላይ ዘረገፈው።

በያጁ ተፈቶ ሲመጣ በቆሎው ዘርፍ አውጥቶ ነበር። ሰላም ሳይል ማሳው መሃል ገብቶ ቆመ። እህቱና ባሏ ያርሙ ነበር። ግራና ቀኝ አየ።

«ድንበሩ የት ገባ?»

«እዚያው ነው» አለች ሰፊዋ። «ድንጋዩ አልተነሳም፣ ካርታው አልተቀየረም። ውሃው ብቻ ነው ያጣው።»

በሱ በኩል ያለውን እርከን እያየ ሄደ። በያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የሰው እጅ ነበረበት፤ አንዱም የሱ እጅ አይደለም። ሲመለስ ባለወፍጮው ቀና አላለም፣ ግን አልሸሸም። በያጁ እህቱ ፊት ቆመ። የተዘጋውን ዓይን ለማየት እስር ቤት ሆኖ ሲዘጋጅ ቢከርምም አልቻለም፤ አንገቱን ደፋ።

«እቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«እሱ ይቆይ» አለች። «አሁን አልችልም፣ አልዋሽህም። የታች ሰውዬ ክፍተቱን አልዘጋም። እልኸኛ ነው፣ እንዳንተው። ሂድና አናግረው፤ አንተን ይሰማህ ይሆናል።»

በያጁ ወደ ታች ወረደ።

እናንተ ተዳፋት ላይ የምታርሱ፣ ያ ሕግ የወጣው ጠቡ ሳይነሳ በፊት ነበር። መረቡም፣ ችግኙም፣ ባለሙያዋም ነበሩ። የጎደለው ከሁለት ሰዎች አንድ አንድ ክንድ ነው፤ ያንን ሲሰስቱ አፈራቸውን፣ ነፃነታቸውንና የሚወዷትን ሴት ዓይን ከፈሉ። ሕግ አገር ያስተባብራል፤ ድንበር ላይ ቆሞ ድንጋይ የሚያቀብለው ግን ጎረቤት ነው። ክረምቱ ሳይገባ ወጥታችሁ የእርከናችሁን ጫፍ እዩ። እዚያ ጎረቤታችሁን ካላገኛችሁት፣ ሂዱና በሩን አንኳኩ።