የሰባት ቀን ማረፊያ ቤት

«ለተከበራችሁ የሕንፃችን ነዋሪዎች በሙሉ! ከዛሬ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ፣ በየበረንዳችሁና በየአልጋችሁ ሥር ለረጅም ዘመን ሲያንቀላፋ የኖረው ብረታ ብረት ሁሉ የእረፍት ጊዜው ማብቃቱን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

ማስታወቂያው ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጽፎ በደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የሥራ አስኪያጁ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ሌላው የዋና ጸሐፊዋ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ታናሽ እህት፣ አምስተኛ ክፍል። ማኅተም ስላልነበራቸው የጠርሙስ ቆርኪ ቀለም ነክረው መትተውበታል።

በማግስቱ የሕንፃው ልጆች ለሥራ አስኪያጁ ስም አውጥተውለት ጠበቁት፤ ዝገት።

«ዝገት! እኛ ቤት አንድ የተጣመመ ሚስማር አለ፤ ጥበቃ ይዘህ ና!»

«ሙድ አትያዙብኝ፤ ሚስማሩን አምጡት» አለ ዝገት። ደግሞም ተቀበላቸው።

እንዲህ የሚያስችለው ምክንያት ነበረው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ቡድን ተጫዋች ይመርጣል። የዝገት የቀኝ እግር ጫማ ደግሞ አፉን ከፍቶ ከኳስ ጋር ማውራት ከጀመረ ወራት አልፈውታል። እናቱን በጠየቃት ቁጥር «ወሩ ይውጣ» ትለዋለች። እንዲህ እያለች ስድስት ወር አውጥታለች። አባቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሱን እንኳ አልጠየቀውም።

የድርጅቱ ንብረት ሁለት ነው። አንደኛው ከተበላሸ ስፒከር የተፈታ ማግኔት። ሁለተኛው ጸሐፊዋ በሕፃንነቷ የተገፋችበት፣ አንዱ ጎማው የሚያለቅስ የሕፃን ጋሪ። ሰፈሩን ሲያቋርጡ መንገደኛ ሴቶች «እሰይ! ማን ወለደ?» እያሉ ጎንበስ ይላሉ፤ ከዚያ ከቧንቧ ጭንቅላት ጋር ይፋጠጣሉ።

ያገኙትን የሚያስረክቡት ከሦስት መንገድ በታች ላለው ቆራሌ ነው። ሰፈሩ ጋሼ ሚዛን ይለዋል። በቆዳ ሽርጥ የተጠቀለለ አጭር ሰው ነው፤ ቃልም እንደ መዳብ እየመዘነ ነው የሚያወጣው።

«ማግኔት የወደደው ርካሽ ነው፤ ማግኔት የናቀው ውድ» አላቸው የመጀመሪያ ቀን። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ማክሰኞ ከአራተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት፣ የክንድ ማጠንከሪያ ክብደቶች ይዘው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ጡንቻ ሊያወጣ የገዛቸው ናቸው፤ እስካሁን ያወጡት ግን የሚስቱን የእግር ጣት ብቻ ነው።

ጋሼ ሚዛን ክብደቶቹን ሳይሆን ዝገትን መዘነው። «የሰጠህ ባል ነው ሚስት?»

«ሚስት።»

ሰውየው ክብደቶቹን አንስቶ ከግቢው ጀርባ ወዳለ መደርደሪያ ወሰዳቸው። ከመደርደሪያው በላይ በቀይ ቀለም «ማረፊያ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። በላዩ ላይ ጠያቂ አጥተው የቆዩ አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሁለት የመኪና ዲናሞና የተጣመመ ብስክሌት አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ሚስት የሰጠችው የባል ዕቃ፣ ባል የሰጠው የሚስት ዕቃ፣ ሰባት ቀን እዚህ ይታሰራል። አልሰብረውም፤ አልከፍልበትም። በሰባተኛው ቀን ጠያቂ ካልመጣ ሒሳብህን ትወስዳለህ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ስለሚመጡ።»

እውነትም መጡ። ሐሙስ ዝገትና እህቱ ቆርቆሮ እያስመዘኑ ሳለ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እያለከለከ ከተፍ አለ። ዝገት ከነጋሪው አንድ የሞተ ፍሪጅ ጀርባ ገባ።

«ክብደቶቼ!» አለ ልብስ ሰፊው።

«እነዚያውልህ። ውሰድ።»

«ማን ነው ያመጣቸው?»

«አልናገርም።»

«እንዴት አትናገርም? የእኔ ዕቃ አይደለም?»

«ዕቃው ያንተ ነው፤ ወሬው ግን የእኔ ነው። አልናገርም።»

ልብስ ሰፊው ክብደቶቹን አቅፎ ወጣ። ገና ከበሩ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ አሳረፋቸው። ጸሐፊዋ ከፍሪጁ ጀርባ አፏን በሁለት እጇ አፍና በሳቅ ተንፈራፈረች።

ዓርብ ከሰዓት እናታቸው ወደ በረንዳው ጠራቻቸው።

«ያንተ ድርጅት የጎረቤት ቤት ብቻ ነው የሚታየው?»

ከበረንዳው ጥግ የአባታቸው ሞተር ተቀምጣለች። አባታቸው ወንደላጤ ሳለ ይነዳት የነበረው ሞተር ብስክሌት ዝገት ሲወለድ ተሸጣለች፤ ሞተሯን ግን ተበላሽታለች ብሎ የሚገዛ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከአሮጌ የሥራ ሸሚዙ በቀደደው ሰማያዊ ጨርቅ ይወለውላታል፤ ወልውሎ ሲጨርስም «ሁለት ዕቃ ብቻ ነው የቀራት» ይላል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የቀራት ዕቃ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም።

«ብትሠራስ የት ሊገጥማት ነው? አልጋችን ላይ?» አለች እናታቸው። «እኔ እርጥብ ልብስ የማሰጣበት አጥቼ ወንበር አለብሳለሁ። በሉ፣ የአባታችሁ ፈረቃ ሳያልቅ ውሰዱልኝ። አንተም ጫማህን ግዛበት።»

ሞተሯን ሦስት ፎቅ ለማውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ጋሪው መንገዱን ሙሉ አለቀሰ።

ጋሼ ሚዛን ማግኔቱን የሞተሯ ገላ ላይ አስጠጋ፤ ማግኔቱ ናቃት። ሰውየው ቅንድቡን አነሣ። «አሉሚኒየም ነው። ጥሩ ያወጣል። የሰጠህ ባል ነው ሚስት?»

ዝገት ወደ ጫማው ተመለከተ። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ባል ቢል አሁኑኑ ይከፈለዋል። እህቱ እስክሪብቶዋን ይዛ ታየዋለች።

«ሚስት» አለ በመጨረሻ። «እናቴ ናት።»

ሞተሯ ማረፊያ ቤት ገባች።

እሑድ ጠዋት አባቱ ሰማያዊ ጨርቁን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ዝገት ከመስኮቱ ጀርባ ተሸሸገ። ወጥ ቤት ውስጥ እናቱ ሽንኩርቱን ከወትሮው በላይ ጮክ አድርጋ ትከትፋለች። ሞተሯ በነበረችበት ሲሚንቶ ላይ የሳህን ስፋት ያለው ክብ የዘይት እድፍ ብቻ ቀርቷል። አባቱ ክቡን አየው። በርጩማው ላይ ቁጭ አለና የበረንዳውን የብረት አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወለው። ከዚያ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተና ገባ።

ቢጮህ ይሻል ነበር።

ሰኞ እናቱ አዲስ ገመድ ወጥራ ልብስ አሰጣች። ዝገት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ልብሱ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ታጭቆ አገኘው። ከዘይቱ ክብ በላይ ያለው ገመድ ባዶውን ነው። ማክሰኞም እንዲሁ። እናቱ ገንዳውን ይዛ ስታልፍ፣ የሌለችውን ሞተር ዞራ ታልፋለች።

«እማዬ፣ እዚያ ጋ እኮ ቦታ አለ» አለቻት ጸሐፊዋ።

«አርፈሽ ትምህርትሽን አጥኚ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰባተኛው ቀን፣ ዝገት እህቱንና ጋሪውን ይዞ ወረደ። ጋሼ ሚዛን ብሩን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። ለጫማው ይበቃል፤ ለካልሲም ይተርፋል።

«በቃ፣ ጊዜዋን ጨርሳለች። ያንተ ነው።»

ዝገት ብሩን ሳይነካ «አንዴ ልያት» አለና ወደ መደርደሪያው ሄደ። የስፌት መኪናው አቧራውን እንደለበሰ ነው። ዲናሞዎቹም፣ ብስክሌቱም። በሁሉም ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ሞተሯ ግን ታበራለች። ጭንቅላቷ፣ ጎኗ፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቿ መሀል ሳይቀር ተወልውሏል። ከአንዱ ብሎን ሥር አንዲት ሰማያዊ ክር ተሰክታ ቀርታለች።

ክሯን በሁለት ጣቱ መዘዛት።

«ጋሼ፣ አባቴ መጥቶ ነበር?»

«አልናገርም።»

«መጥቶ ከሆነ ለምን አልወሰዳት—»

«አልናገርም አልኩህ እኮ!» ጋሼ ሚዛን ጀርባውን ሰጥቶ፣ መጠቅለል የማያሻውን የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ጀመረ።

ዝገት ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ብሩን ትንሽ አየው። ከዚያ በጣቱ ወደ ሰውየው ገፋው።

«ጠያቂ መጥቶላታል» አለ።

«ማን?»

«እኔ።»

ጋሼ ሚዛን ብሩን ወደ ሽርጡ መለሰ። ከሚጠቀልለው ሽቦም አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ጋሪው ውስጥ ወረወረ። «ለጫማህ» አለ ቀና ሳይል።

መውጣት ከመውረድ ይከፋል። በየፎቁ አረፉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሕንፃው ልጆች «ዝገት! አሁን ደግሞ ብረት ማደል ጀመርክ?» ብለው ሳቁ። አራተኛ ፎቅ ሊገባ በአጠገባቸው ያለፈው ልብስ ሰፊ ግን ሞተሯን አየ፤ ልጁን አየ፤ አንዱን ጎን አብሯቸው ያዘ። አንድ ደረጃ ወጣና አሳረፋት።

ሞተሯን በዘይቱ ክብ ላይ ልክክ አድርገው አስቀመጧት። ዝገት መሬት ቁጭ ብሎ የጫማውን አፍ በመዳብ ሽቦው ሰፋው፤ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን፣ አንድ ጊዜ በተረከዙ።

አባቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገባ። ኮፍያውን ሳያወልቅ ወደ በረንዳው ብቅ አለ፤ እዚያው ቆመ። ሞተሯን አየ። ከዚያ በሽቦ የታሰረውን ጫማ አየ።

«ጫማ ልትገዛባት አልነበር እንዴ?» አለ።

ይህን ከቤቱ ማንም አልነገረውም። አባትየው ራሱ ዘግይቶ ትዝ አለውና ጉሮሮውን ጠረገ። ሰማያዊ ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ፣ ምንም አቧራ የሌለባትን ሞተር መወልወል ጀመረ።

እናታቸው ገንዳውን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ልጇን አየች።

«አንተ ማን ነገረህ?» አለች። ባሏ ወደ ሞተሯ ሌላኛው ጎን ዞሮ መወልወሉን ቀጠለ። ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ ልጄ? ነገ አይደል እንዴ ምርጫው? እኔ ሰጥቼህ፣ ቦታው ተለቆልኝ፣ የጫማህ ብር እጅህ ገብቶ፣ ለምን መለስካት?»

ጸሐፊዋ አፏን ከፈተች። ዝገት እግሯን ረገጠ፤ በሽቦው በኩል።

«አልናገርም» አለ።